ፊፍቲው፣ ዘጠኝ ሲኒ እና የልብስ ሰፊ ሜትር

ቅዳሜ ጠዋት ክፍላችን የሚገባ እንግዳ ቡና ሊፈላ ነው ብሎ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ ሲኒ ተደርድሯላ! ግን ጀበና የለም፣ ከሰል የለም። ሲኒዎቹ አጠገብ የልብስ ሰፊ ሜትር ተዘርግቷል። ፊት ለፊታቸው ትራይፖድ ቆሟል። ትራይፖዱ ላይ ያለው ካሜራ ደግሞ ዛሬ ላወራላችሁ የፈለግኩትን ሌንስ ገጥሟል፦ የካኖን ኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ኤስቲኤም። እኛ ጋ ስሙ "ፊፍቲው" ነው፣ በቃ።

እኔ እንጀራዬ የሰርግ ፎቶ ነው። ሰርግ በሌለበት ቅዳሜ ስድስት ሰባት ልጆች ሰብስቤ አስተምራለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ክፍሉ ይሞላል፣ ምክንያቱም ግማሾቹ የሰርግ ረዳት ናቸው፣ በጾም ደግሞ ሥራ የለም። ፊፍቲውን ለክፍሉ ብዬ ከገዛሁት ሦስት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ይህን ስጽፍ "ሻርፕ ነው ወይ፣ ለቪዲዮ ይሆናል ወይ" የሚለውን እተወዋለሁ። ስለሱ የጻፈ ሰው ሞልቷል። እኔ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድን ለጀማሪ ለማስተማር ይህ ሌንስ ምን ያህል ይረዳል?

ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ስል ፎከስ ካደረግንበት ቦታ ፊትና ኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣውን ርቀት ማለቴ ነው። ከዚህ በኋላ "ዴፕዝ" እያልኩ እቀጥላለሁ፣ ልጆቹም እንደዚያ ነው የሚሉት።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው በአጭሩ። የወጣው በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ያኔ አሜሪካ ውስጥ 125 ዶላር ነበር። እዚህ የብሩን ዋጋ አልጽፍም፣ ብር ሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳፍረኛል። ክብደቱ 160 ግራም ገደማ ነው፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይረሳል። ከሱ በፊት የነበረው፣ በ1990 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ሞዴል፣ ካሜራው ላይ የሚገባው ቀለበት ራሱ ፕላስቲክ ነበር፣ የዚህኛው ብረት ነው። አሮጌው አምስት ብሌድ (የሌንሱን ቀዳዳ የሚያጠቡት ስስ ቅጠሎች) ነበረው፣ ይሄ ሰባት አለው፣ ያውም ክብ ክብ የሚሉ። ማታ የመኪና መብራት ከኋላ አድርጋችሁ ብታነሱ ልዩነቱን ታዩታላችሁ፦ በአሮጌው አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ትንሽ ስትዘጉት መብራቱ አምስት ማዕዘን ይሆናል፣ በዚህኛው ክብ ነገር ሆኖ ይቀራል። ፎከስ የሚያደርግበት ቅርብ ርቀት ደግሞ 35 ሳንቲ ሜትር ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ።

ከካሜራ ጋር በሚመጣው ኪት ሌንስ፣ በ18-55ቱ፣ ዴፕዝ ለማስተማር ሁለት ዓመት ታግያለሁ። አይሆንም አልልም፣ ግን አድካሚ ነው። 18 ላይ፣ ሰፊው ጫፍ ላይ፣ ሆናችሁ አፐርቸሩን 8 ብታደርጉና ሁለት ሜትር አካባቢ ፎከስ ብታደርጉ፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ጀምሮ እስከ እንጦጦ ድረስ ሁሉም ጥርት ይላል። ተማሪው ምኑን ይይ? ዙም ሲያደርግ ደግሞ አፐርቸሩ ራሱ ከ3.5 ወደ 5.6 ይሸሻል። ልጁ አንድ ነገር የቀየረ ይመስለዋል፣ ግን ሁለት ነገር ተቀይሯል። የትኛው ምን እንዳደረገ በምን ይወቅ? የፊፍቲው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ዙም የለውም። 50 ነው፣ 50 ሆኖ ይቀራል። ተማሪው እጅ ላይ የሚቀሩት አፐርቸሩና እግሩ ብቻ ናቸው።

የአፐርቸሩ ቁጥርም ያምታታቸዋል፣ ቁጥሩ ሲበልጥ ቀዳዳው ያንሳልና። "ቲቸር፣ 16 ከ1.8 ይበልጣል፣ ታዲያ እንዴት ነው ቀዳዳው የሚያንሰው?" የማይል ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ፊፍቲው ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። 50ን ለ1.8 አካፍሉት፣ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ ባለ አንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ ማለት ነው። 50ን ለ16 አካፍሉት፣ 3 ሚሊ ሜትር፣ የምስር ፍሬ። ሳንቲሙንና ምስሩን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥላቸው ጥያቄው ያልቃል።

ሲኒዎቹን እንዲህ ነው የምደረድራቸው። ከካሜራው እየራቁ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንድ፣ እንዳይከላለሉ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን እየወጡ። አምስተኛው ሲኒ ከካሜራው በትክክል 1.5 ሜትር ይርቃል። ሜትሩ የሚነሳው ከሌንሱ አፍ ሳይሆን ከካሜራው አናት ላይ ነው፣ ክብ ሆና መሐሏን መስመር የሚያቋርጣት ትንሽ ምልክት አለች፣ ከሷ ላይ። (ይህቺን ምልክት ስንቱ ባለካሜራ ለዓመታት ይዟት ሲዞር ምን እንደሆነች አያውቅም!) ፎከስ አምስተኛው ሲኒ ላይ። ከዚያ ከማንሳታችን በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ወረቀት ላይ ግምቱን ይጽፋል፦ ስንት ሲኒ ጥርት ይላል? በጣም የሳተ ቡና ይጋብዛል።

1.8 ላይ አንድ ሲኒ ነው። አንድ ብቻ! ዴፕዙ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሲኒው አፍ ብዙም አያልፍም። አጠገቡ ያሉት አራተኛውና ስድስተኛው ጠርዛቸው ሟሙቷል፣ ዘጠነኛው ሲኒ መሆኑም ያጠራጥራል። 8 ላይ ዴፕዙ 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ሦስት ሲኒ። 16 ላይ ስድስት ሲኒ። እዚህ ጋ አንድ የሚያስደስታቸው ነገር አለ፦ ስድስቱን ስትቆጥሩ ከፎከሱ ፊት ሁለት፣ ከኋላ ሦስት ናቸው። ዴፕዝ ፊትና ኋላ እኩል እንደማይከፈል ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ቆጥረው ያገኙታል። (ይህ ሁሉ በክሮፕ ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር አነስ ባለባቸው እንደ ካኖን 600ዲ እና 700ዲ ባሉ ካሜራዎች ነው። ፉል ፍሬም ላይ፣ ሴንሰሩ ትልቅ በሆነበት ካሜራ፣ ቁጥሩ ይለያል።)

ግን የኔ ዋናው ትምህርት ይህ አይደለም። ዋናው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው።

አፐርቸሩን ወደ 1.8 እመልሰዋለሁ። ትራይፖዱን አንስቼ ወደ 3 ሜትር እወስደዋለሁ። ፎከስ እንደገና አምስተኛው ሲኒ ላይ። ግምታችሁን ጻፉ እላለሁ። ሁሉም በልበ ሙሉነት "አንድ" ብለው ይጽፋሉ፣ ምክንያቱም 1.8 ነዋ! ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ሦስት ሲኒ። ቅድም 8 ላይ ያገኘነው ሦስት ሲኒ! ርቀቱን እጥፍ ስናደርገው ዴፕዙ ከ6 ወደ 24 ሳንቲ ሜትር፣ አራት እጥፍ ሄደ። ክፍሉ ለአንድ አፍታ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ቡናውን ማን ይክፈል የሚል ክርክር ይነሳል፣ ሁሉም ስለሳተ።

ይህ ለሰርግ ፎቶ አንሺ ጨዋታ አይደለም። ከ1.8 ወደ 8 ስትሄዱ ብርሃኑ 20 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ማታ አዳራሽ ውስጥ፣ ያውም ዲጄው መብራቱን ቀይና ሰማያዊ ሲያደርገው፣ 20 እጥፍ ብርሃን ከየት ይመጣል? በ1/200 ሰከንድ ታነሱት የነበረው ወደ 1/10 ሰከንድ ይወርዳል፣ እስክስታ የሚመታው ሰው ሁሉ ጭስ ይሆናል። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ግን ምንም ብርሃን አያስከፍልም። ሰዎቹ ፍሬሙ ውስጥ ያንሳሉ፣ እሱን ክሮፕ ታደርጉታላችሁ፣ ዙሪያውን ትቆርጡታላችሁ። ክሮፕ አድርጋችሁ በጣም ካሳደጋችሁት ብለሩም (ብዥታውም) አብሮ እንደሚያድግ ግን አትርሱ።

ባለፈው አንዷ ተማሪዬ "ታዲያ ወደ ኋላ ሄጄ ዙም ባደርግስ?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዙም አድርገሽ ሰውየውን ወደ ቀድሞ መጠኑ ከመለስሽው ዴፕዙም ወደ ነበረበት አካባቢ ይመለሳል። ከኋላ ያለው ነገር ግን ተስቦ ይቀርባል፣ ስለዚህ ብለሩ የበዛ ይመስላል። ይህን ግን ፊፍቲው ላይ ማሳየት አልችልም፣ ሌላ ሌንስ ሌላ ቀን።

አሁን ወደሚያናድደው ልግባ።

መጀመሪያ ቀን ካሜራውን አቀብዬ "አፐርቸሩን ከ1.8 ወደ 16 አዙሪና በቪውፋይንደር (ዓይን በሚደገፍባት መስኮት) እያየሽ ምን እንደተቀየረ ንገሪኝ" ስል፣ ልጅቷ ታዞራለች፣ ታያለች፣ ታዞራለች። ወፍ የለም። "ቲቸር፣ ተበላሽቷል መሰለኝ።" አልተበላሸም። እንዲህ ያለ ካሜራ እስክታነሱ ድረስ ሌንሱን ክፍት አድርጎ ነው የሚያሳያችሁ። ብሌዱ የሚዘጋው የማንሻውን ቁልፍ በተጫናችሁባት ቅጽበት ነው። ለዚህ ነው ከሌንሱ ሥር፣ ካሜራው ፊት ላይ፣ ማንም የማይነካት ትንሽ ቁልፍ ያለችው። እሷን ስትጫኑ ብሌዱ 16 ላይ ይዘጋና በቪውፋይንደሩ ሁሉም ይጨልማል። "ውይ፣ መብራት ጠፋ!" ይሉኛል ሁሌ፣ አዲስ አበባ ነን አይደል። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ ግን ከኋላ ያሉት ሲኒዎች አንድ በአንድ ጥርት ሲሉ ይታያሉ። ይህ የካሜራ ጉዳይ እንጂ የሌንሱ ጥፋት አይደለም። ቁልፏ የሌለችው ካሜራም ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።

የሌንሱ የራሱ ጉድለት ሌላ ነው፣ ለአስተማሪ ደግሞ ቀላል አይደለም። ላዩ ላይ የርቀት ቁጥር የለውም። ፎከሱ 1 ሜትር ላይ ይሁን 3 ሜትር ላይ ሌንሱን አይታችሁ አታውቁም። ከዚህ ወዲህ እስከዚህ ወዲያ ጥርት ይላል የሚሉ የዱሮ መስመሮችማ ጭራሽ የሉም። የፎከስ ቀለበቱም ከውስጥ ካለው መስታወት ጋር በቀጥታ አልተያያዘም፣ በሞተር ነው የሚሠራው፣ ካሜራው ከጠፋ ቀለበቱን ብታሽከረክሩት ምንም አይንቀሳቀስም። ለዚህ ነው የልብስ ሰፊ ሜትር የገዛሁት።

እዚህ ጋ ጋሼን ላመስግን። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ሊማር ሄዶ ሲመለስ ዜኒት ካሜራ ይዞ ነበር የመጣው፣ ያኔ እዚያ የተማረ ብዙ ሰው ቤት የዜኒት ቆዳ ቦርሳ አይጠፋም ነበር። ካሜራው ሞቷል። ሌንሱ ግን፣ ሄልዮስ 44-2፣ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2፣ ዛሬም ይሠራል። በርካሽ አዳፕተር ቀለበት ካኖን ላይ ይገባል። ኦቶ ፎከስ የለውም፣ ከካሜራው ጋርም አይነጋገርም፣ ግን የርቀቱ ቁጥር ላዩ ላይ ተቀርጿል፣ ከሥሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ አፐርቸር ግራና ቀኝ ምልክት አለው። 8ን አይታችሁ ግራውንና ቀኙን ታነባላችሁ፣ ዴፕዛችሁ በግምት ያው ነው። አፐርቸሩን በእጃችሁ ስትዘጉትም ብሌዱ ዓይናችሁ እያየ ነው የሚዘጋው፣ ቁልፍ መጫን የለም። ፊፍቲው በሁለት ክፍለ ጊዜ የሚያስረዳውን ሄልዮሱ በአስር ደቂቃ ያስረዳል። ሰርግ ላይ ግን ይዤው አልወጣም፣ ሙሽራ ቆማ አትጠብቅም።

የኒኮን ሰው ከሆናችሁ፣ 50 1.8ጂ ላይ ቢያንስ የርቀት ቁጥር አለ። አሮጌው 50 1.8ዲ በ3000ዎቹና በ5000ዎቹ ካሜራዎች ላይ ኦቶ ፎከስ እንደማያደርግ ግን ልብ በሉ፣ ርካሽ አገኘሁ ብሎ ገዝቶ የተቃጠለ ተማሪ አለኝ።

ሁለተኛው የፊፍቲው ችግር ሱስ ነው። 1.8ን አንዴ የቀመሰ ተማሪ ከዚያ አይነቃነቅም። ሁሉም ነገር 1.8። ማኪያቶ፣ 1.8። ድመት፣ 1.8። ቤተሰብ፣ 1.8። ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም፣ እኔው ራሴ በዚህ ተዋርጃለሁና።

መጀመሪያ ፊፍቲ የገዛሁ ሰሞን ነው። ሙሽሮቹ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፣ የሙሽራዋ እናትና አባት ከሶፋው ጀርባ ቆመዋል። እኔ 4 ሜትር ላይ ነኝ። 1.8። ፎከስ ሙሽራዋ ዓይን ላይ። የካሜራው ስክሪን ላይ ሳየው ቁልጭ ያለ ፎቶ ነው። ስክሪን ሁሌም እንዲህ ነው የሚሸውደው፣ በትንሹ ሲታይ ሁሉም ሻርፕ ነው። በ4 ሜትር ዴፕዙ 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያም ወደ ኋላ የሚደርሰው ከግማሹ ብዙም እንደማይበልጥ አላውቅም ነበር። የሶፋው መደገፊያ ብቻውን ይበላዋል። ፎቶው ተልቆ ታትሞ ሳሎን ተሰቀለ። ከሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ፣ የሙሽራዋ እናት ናቸው።

"አንተ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትክ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ ፎቶው እንዴት ነው?"

"ፎቶውማ ጥሩ ነው። እኔ እኮ ራሴን ሳየው ዓይኔ ደክሟል ብዬ መነጽር አስለካሁ። መነጽሩ መጣ፣ ልጄን አያታለሁ፣ ራሴን ግን አሁንም አላየውም።"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። 5.6 ባደርገው ዴፕዙ 1.4 ሜትር ገደማ ይሆን ነበር፣ እሳቸውም መነጽር አያስለኩም ነበር። ይህን ታሪክ በየዙሩ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ሁለት ተማሪ ወንበር ላይ፣ ሁለት ከጀርባ አቆምና በ1.8፣ በ2.8፣ በ4 እና በ5.6 እናነሳለን። ፎቶውን በሙሉ መጠን ከፍተን የኋለኞቹን ሽፋሽፍት እንፈልጋለን። ሽፋሽፍቱ ከተቆጠረ አለፈ፣ ካልተቆጠረ ወደቀ። ወደ ሌላው ጥግ የሚሮጡም አሉ፣ "እንግዲያው ሁሌ 22 አደርገዋለሁ" የሚሉ። 22 ላይ ዴፕዙ ይረዝማል፣ ግን ቀዳዳው በጣም ከመጥበቡ የተነሳ ብርሃኑ ራሱ ይበተንና ሁሉም ነገር በጥቂቱ ይለዝባል። ሲኒዎቹ ላይ 8ን እና 22ን አነጻጽሩ፣ አምስተኛው ሲኒ 8 ላይ ይሻላል።

"ስልኬ እኮ ይህን ሁሉ ራሱ ያደርገዋል" የሚል ልጅ በየዙሩ አንድ አለ። አይፎን 7 ፕላስ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ፖርትሬት ሞድ ካመጣ ወዲህ ስልክ ባክግራውንድ ብለር ማድረግ ለምዷል፣ እውነት ነው። ግን የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ በተፈጥሮው ዴፕዙ ረጅም ነው። ብለሩን የሚቀባው ኮምፒውተሩ ነው። አንዷን ነጠላ አልብሰን በፖርትሬት ሞድ አነሳናት። የነጠላው ጫፍ ላይ ያለው ዘርፍ ግማሹ ተቆርጦ ከግድግዳው ጋር ሟሙቷል፣ ከሹሩባዋ ያመለጠችው ፀጉርም የለችም። ፊፍቲው ላይ ዘርፉ ቀስ እያለ ነው ወደ ብለር የሚገባው፣ አንድ ክር ጥርት፣ ቀጣዩ ለስለስ፣ ቀጣዩ ጭጋግ። ዴፕዝ ተዳፋት እንጂ ግድግዳ እንዳልሆነ ያን ቀን ነው የገባቸው። ስልኩን የያዘው ልጅ ግን ዛሬም አላመነም፣ ይሁን።

ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ያገለገለ ብትገዙም አይከፋም፣ ግን ፈትሹ። እኔ ሁለተኛውን ከአንድ ሱቅ ስገዛ፣ ሻጩ "ሳጥኑ ነው የተከፈተው እንጂ አልተነካም" ብሎኝ ቤት ስደርስ ብሌዱ በዘይት ተጣብቋል፣ ሲፈልግ ይዘጋል፣ ሲፈልግ አይዘጋም። አሁን እንዲህ ነው የማደርገው፦ ሱቁ ውስጥ ካሜራ ላይ እገጥመዋለሁ፣ አፐርቸሩን 16 አደርጋለሁ፣ ያቺን ማንም የማይነካትን ቁልፍ እጫንና ሌንሱን ከፊት ለፊቱ አያለሁ። ምስሯ ቶሎ ብቅ ካለች፣ ስለቀውም ቶሎ ከተከፈተ፣ እገዛለሁ። ሻጩ ቁልፏን ሲያይ "ይሄ ደግሞ ለምንድነው?" ካለኝ ዋጋ መቀነስ ይቻላል ማለት ነው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለክፍል ከአምስት አራት። አንዷን የቀነስኩት ላዩ ላይ የርቀት ቁጥር ስለሌለው ነው። ሜትር ከሌላችሁ ሦስት ተኩል በሉት። ሄልዮሱን አውሰኝ የምትሉ ደግሞ አትድከሙ፣ ጋሼ በየፋሲካው ቤት ስሄድ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀኝ "ሌንሴ ደህና ነው?" ብሎ ነው።